መጀመሪያ ፊደሉን እዪ

ልጄ፣ የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የማኅበራችሁ ዌብሳይት ወደ አዲሱ ሆስቲንግ ከተዛወረ ወዲህ የአባላቱ ገጽ አልከፈት ብሎሻል፤ «ኢሊጋል ሚክስ ኦፍ ኮሌሽንስ» ይልና ከጎኑ 1267 የሚል ቁጥር ያወጣል። ጥር 23 ለፈረሱ በዓል እንጅባራ የሚመጣው ተወላጅ ሁሉ ስሙን በዚያ መዝገብ ላይ እንደሚፈልግ፣ ጥሊሊ ላይ ደግሞ ይህን ነገር የሚነካ ሰው ካንቺ በቀር እንደሌለ ነግረሽኛል። በስልክ ስንጀምረው መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረን፤ ስለዚህ ተራ በተራ ጻፍኩልሽ። የላቲኖቹን ስሞች በአፍ እንደምንጠራቸው አድርጌ ነው የማስቀምጣቸው፤ ስክሪኑ ላይ ስታያቸው ታውቂያቸዋለሽ።

1. እጅሽን ሰብስቢ። 1267 ዳታ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሰርቨሩ «አልፈርድም» ያለበት ነው። ገጹ ሲከፈት በአባላቱ ቴብል ያለውን የወረዳ ስም ከወረዳዎቹ ቴብል ጋር ያስተያያል። አንዱ ኮለም በጀነራል ደንብ፣ ሌላው በዩኒኮድ ደንብ የተመዘገበ ነው። ሁለቱም እኩል መብት ስላላቸው ሰርቨሩ የማንኛቸውን ደንብ ይዞ «እነዚህ ሁለት ስሞች አንድ ናቸው» እንደሚል አያውቅም። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲቀመጡ መጀመሪያ በየትኛው ልማድ እንደሚዳኙ ይስማማሉ፤ ካልተስማሙ ይነሣሉ። ሰርቨሩም ተነሣ እንጂ የሰረዘው አንድ ፊደል የለም። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ ደንግጠው ያገኙትን ሁሉ እየተጫኑ ነው ደኅናውን ዳታ የሚያበላሹት።

2. ካራክተር ሴትን ከኮሌሽን ለይተሽ ያዢ። ካራክተር ሴት አንድ ፊደል በየትኛው ቁጥር እንደሚቀመጥ ይወስናል። ኮሌሽን ደግሞ ከተቀመጡት ፊደላት የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሚቆጠር የሚናገር ደንብ ነው። ኮሌሽን ሲሳሳት ስም ተራውን ይስታል፣ ፍለጋው እምቢ ይላል፤ ስሙ ግን ቦታው ላይ አለ። ካራክተር ሴት ሲሳሳት ስሙ ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

ለምን ለእኛ ይህ ይበዛል ብትዪ፣ የዳታቤዙን ሰርቨር፣ ማይኤስኪውኤልን፣ የሠራው ኩባንያ መቀመጫው ስዊድን ነበር። ማንም ሌላ ካላዘዘው ሥራ የሚጀምረው ላቲን1_ስዊድሽ_ሲአይ በሚባለው ነበር፤ ይህ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 8.0 ነው። ላቲን1 ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ይሰጣል፤ በጠቅላላው 256 ቦታ ነው ያለው። ከሀ እስከ ፐ ካሉት ፊደሎቻችን አንዷም እዚያ ውስጥ የለችም። የአማርኛና የአዊኛ ፊደል በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ይህቺን 3 ቁጥር አትርሺያት፤ አሁን ትጠቅምሻለች።

3. አንድ ስም መርጠሽ ቁጠሪ። ከሲፓነል ወደ ፒኤችፒማይአድሚን ግቢ፣ ዳታቤዙን ምረጪ፣ ኤስኪውኤል የሚለውን ክፈቺ። በሰሌክት ትእዛዝ የከተማውን ኮለም አውጪና ከጎኑ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ቻር_ሌንግዝ፣ ማለት ስንት ፊደል ነው፤ እና ሌንግዝ፣ ማለት ስንት ባይት ነው። «ጥሊሊ» ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነው። ስለዚህ ደኅና ከሆነ 3 እና 9 ይልሻል። ይህን ካየሽ ተንፍሺ፤ ጉዳይሽ የኮሌሽን ብቻ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል።

9 እና 9 ካለሽ ግን ኮለሙ ላቲን1 የሚል ታርጋ ለጥፎ ውስጡ የዩቲኤፍ8 ባይት ይዟል። በፒኤችፒማይአድሚን ስታዪው ምልክት የተሸከሙ የላቲን ፊደላት ተደርድረው ታገኛለሽ። ፊደሉ ደኅና ነው፤ የተሳሳተው ታርጋው ነው። እዚህ ላይ «ኮንቨርት ቱ» የሚባለውን ትእዛዝ በቀጥታ ከሰጠሽው ሰርቨሩ ታርጋውን አምኖ እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይተረጉማታል፤ ቁጥሩ 9 እና 18 ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ኮለሙን መጀመሪያ ወደ ቫርባይናሪ፣ ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ወደ ብሎብ መቀየር ነው፤ ያን ጊዜ ታርጋው ይነሣል፣ ባይቶቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። ቀጥሎ ከዚያ ወደ ቫርቻር፣ በዩቲኤፍ8ኤምቢ4። አስቀድሞ 9 እና 18 ሆኖ ካገኘሽውም ተስፋ አለው፤ በመጣበት መንገድ ወደ ላቲን1 መልሺው፣ ከዚያ በባይናሪ በኩል አሳልፊው።

3 እና 3 ካለሽ፣ በስሙም ቦታ ሦስት የጥያቄ ምልክት ከቆመ፣ ፊደሉ የለም። የጥያቄ ምልክቱ ራሱ ነው የተቀመጠው። እሱን የሚመልስ ትእዛዝ የለም፤ ከቆየ ባካፕ ወይም ከወረቀት እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ሣጥን ካየሽ እሱ ሌላ ነው። ሣጥን ማለት ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ያንን ፊደል የሚስል ፎንት የለውም ማለት ነው። በአዊኛ ስሞች ላይ ይህ ይመጣል፤ ቋንቋው ራሱን «አውጚ» ብሎ ሲጠራ መጨረሻ ላይ ያለችው ጚ በአንዳንድ አሮጌ ፎንት ውስጥ የለችም። ጘ እና ጚ ግን ግዕዝ መጀመሪያ ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ አብረው ገብተዋል። «አውጚ»ን ቁጠሪው፤ 3 እና 9 ነው። ስለዚህ ሣጥን ስላየሽ ብቻ ማንም ሰው ጚን በኝ ወይም በጊ እንዲተካት አትፍቀጂ። የሰዎች ስም ነው።

4. ባካፕ ውሰጂ፣ ወስደሽም መልሰሽ ክፈቺው። ሲፓነል ውስጥ ባካፕ ከሚለው ገብተሽ የዳታቤዙን ፋይል አውርጂ። ከዚያ ሌላ ባዶ ዳታቤዝ ፍጠሪና ፋይሉን እዚያ አስገቢ። ተመልሶ የማይከፈት ባካፕ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ጥገናውን በሙሉ መጀመሪያ በዚህ ቅጂ ላይ ሞክሪ።

ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ ማኅበርን ዌብሳይት አዛወርኩ። የድሮዎቹ ቴብሎች በሙሉ ደኅና ነበሩ፤ ስለዚህ ሥራው አለቀ ብዬ የመመዝገቢያ ቅጽ የሚሆን አንድ አዲስ ቴብል ጨመርኩ። አዲሱ ዳታቤዝ የተፈጠረው በላቲን1 መሆኑን አላየሁም። ሰርቨሩ ደግሞ ጥብቅ አልነበረም፤ የማይገባ ፊደል ሲመጣለት ኤረር በመስጠት ፈንታ በጥያቄ ምልክት እየተካ ዝም ብሎ ይቀበል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ስሙን ጻፈ፣ ሰርቨሩም «ተመዝግበዋል» እያለ አመሰገነ። ዝርዝሩን ስከፍት የተረፈው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። እየደወልኩ የሰውን ሁሉ ስም እንደገና ጠየቅሁ። አንዲት እናት «ስሜን ከሰጠሁህ በኋላ የት ጣልከው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ቴብል ስሠራ የመጀመሪያው መዝገብ የአንድ ሰው ስም ነው፤ አስገብቼ፣ አውጥቼ፣ ቆጥሬ ነው ለሌላ የምከፍተው።

5. ቆጠራ አድርጊ፤ የትኛው ኮለም ምን እንደያዘ ሳታውቂ አትጀምሪ። ደንቡ በአንድ ቦታ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ሰርቨሩ አለው፣ ዳታቤዙ አለው፣ ቴብሉ አለው፣ ኮለሙም አለው። ዳኝነት ላይ የሚቀርበው የኮለሙ ነው። የላይኞቹ ለሚወለደው አዲስ ነገር ውርስ ብቻ ናቸው። የዳታቤዙን ኮሌሽን ብትቀይሪ ከዛሬ በኋላ ለሚፈጠር ቴብል እንጂ ላለው አይሠራም። የቴብሉን ነባሪ ብትቀይሪም ለሚጨመር ኮለም እንጂ ላለው አይሠራም። «ቀይሬዋለሁ፣ ግን ኤረሩ አልሄደም» የሚሉኝ ሁሉ የቀየሩት ከላይ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ኮለሙ ነው።

ኢንፎርሜሽን_ስኪማ ውስጥ ኮለምስ የሚባል ቴብል አለ፤ ከእሱ ላይ የዳታቤዝሽን ኮለሞች ከኮሌሽናቸው ጋር አውጥተሽ ወረቀት ላይ ጻፊያቸው። እንደምገምተው ሦስት ዓይነት ታገኛለሽ። ዌብሳይቱ ወርድፕረስ ስለሆነ የራሱ ቴብሎች ዩቲኤፍ8ኤምቢ4_ዩኒኮድ_520_ሲአይ ይሆናሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ 4.6 ጀምሮ ሰርቨሩ ከቻለ የሚመርጠው ይህን ነው። አንድ ልጅ በራሱ ላፕቶፕ ላይ በዛምፕ የሠራላችሁ የወረዳና የመዋጮ ቴብሎች ዩቲኤፍ8ኤምቢ4_ጀነራል_ሲአይ ይሆናሉ። ከድሮ የተረፈ ፕለጊን ካለ ደግሞ በአጭሩ ዩቲኤፍ8 የሚል፣ አልፎ አልፎም ላቲን1 የሚል ይኖርበታል። ማንም ሆን ብሎ አላበላሸውም፤ ሦስት ሰው በሦስት ዘመን የሠራው ቤት ነው።

በዝርዝሩ ላይ መጨረሻው «ቢን» የሚል ኮለም ካየሽ ተዪው። ብዙውን ጊዜ የሚስጥር ኮድ የሚቀመጥበት ነው፤ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል መለየት ስላለበት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

6. አንድ ምረጪ፤ እኔን ከሰማሽ 520ውን። ምክንያቴን ልንገርሽ።

በማይኤስኪውኤል ውስጥ «ዩቲኤፍ8» የሚለው አጭር ስም እስከ 3 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። ለአማርኛና ለአዊኛ ይበቃል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ችግሩን ሳያየው ይኖራል። ነገር ግን አንድ ሰው አስተያየቱ ላይ የፈገግታ ምልክት ሲጨምር እምቢ ይላል ወይም ጽሑፉን ከዚያ ላይ ይቆርጠዋል። ከዚያም የሚበልጠው የራሳችን ሀገር ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ አጻጻፍ የሚሆኑ ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላት አስገብቷል፤ እነዚህ ባለ 4 ባይት ናቸው። ኤምቢ4 የሌለው ዳታቤዝ አይቀበላቸውም። ጀነራል_ሲአይ ደግሞ ቢቀበላቸውም ከ3 ባይት በላይ የሆነውን ፊደል ሁሉ አንድ ክብደት ስለሚሰጠው አንዱን ከሌላው አይለይም፤ ሁለት የተለያዩ ስሞችን አንድ ናቸው ሊል ይችላል። 520 ይለያቸዋል።

«አዲሱ የማይኤስኪውኤል 8 ኮሌሽን፣ 0900፣ አይሻልም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ብቻ ብትኖሪ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብዙ ሆስቲንግ በማይኤስኪውኤል ፈንታ ማሪያዲቢን ነው የሚጠቀመው፤ ማሪያዲቢ ደግሞ ይህን ስም ለረጅም ጊዜ አያውቀውም ነበር፤ ፋይሉን ስታስገቢ 1273 ብሎ ሊመልስሽ ይችላል። 520ው ሁለቱም ቤት ይታወቃል። የማኅበራችሁ ገንዘብ ሲያጥር እንደገና ሆስቲንግ መቀየራችሁ አይቀርም፤ ያን ቀን የምትገላገዪው ዛሬ ነው። ፋይሉ 1273 ካለሽ በጽሑፍ ማረሚያ ከፍተሽ 0900_ኤአይ_ሲአይ ያለውን ሁሉ በዩኒኮድ_520_ሲአይ ተኪና እንደገና አስገቢው።

7. አሁን ቀይሪ። በፒኤችፒማይአድሚን ዳታቤዙን መርጠሽ ኦፕሬሽንስ ውስጥ ግቢ። ታች ኮሌሽን የሚል አለ። 520ውን ምረጪና ከሥሩ ያሉትን ሁለት ሣጥኖች እዪ፤ አንዱ የቴብሎቹን ሁሉ፣ ሁለተኛው የኮለሞቹን ሁሉ ለመቀየር ነው። ሁለተኛውን ካልነካሽው ከላይ የነገርኩሽ ይደርስብሻል። ቢን የያዘ ኮለም ካለሽ ግን ይህን የጅምላ መንገድ ተዪና ቴብል በቴብል ሂጂ።

በመንገድ ላይ ሦስት ነገር ሊያቆምሽ ይችላል። አንደኛው 1071፣ የኢንዴክሱ ቁልፍ ረዘመ የሚል። በአሮጌው አሠራር አንድ ኢንዴክስ ከ767 ባይት አያልፍም፤ 255 ፊደል በ4 ሲባዛ 1020 ነው፤ 191 ሲባዛ 764። ለዚህ ነው ወርድፕረስ ውስጥ 191 የሚል ቁጥር የምታዪው። ኢንዴክሱን ወደ 191 አሳጥሪው፣ ኮለሙን ግን አታሳጥሪ።

ሁለተኛው 1062፣ ድግግሞሽ አለ የሚል። 0900 ከቃሉ መጨረሻ ያለን ባዶ ቦታ ይቆጥራል፤ 520ና ጀነራሉ አይቆጥሩም። በስልክ የጻፈ ሰው ኪቦርዱ ከቃሉ በኋላ ባዶ ቦታ ጨምሮበት «ጥሊሊ»ን ከነባዶ ቦታው አስገብቶ ይሆናል። ትናንት ሁለት የነበሩት ዛሬ አንድ ይሆናሉ። ቁልፉን አንሥተሽ አትለፊው፤ ድግግሞሹን ፈልገሽ አጽጂ፣ ያኔ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አባል ታገኛለሽ።

ሦስተኛው፣ በፎሪን ኪይ የተሳሰሩ ቴብሎች አንዳቸው ብቻ አይቀየሩም። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ቀይሪ።

መብራት ቢጠፋ አትሩጪ። ቅየራው የሚካሄደው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ የጀመረው ትእዛዝ ላፕቶፕሽ ቢዘጋም ብዙውን ጊዜ ይጨርሳል። መብራቱ ሲመለስ ግቢና ኮለሞቹን እንደገና ቁጠሪ፤ በግምት እንደገና አትጫኚው። ፋይል ማስገባት ላይ ሳለሽ ከተቋረጠ ግን ግማሹ ነው የገባው፤ ባዶ አድርገሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ።

8. ግንኙነቱንም እዪ። ዳታቤዙ ሁሉ ቢስተካከልም ዌብሳይቱ ሲገናኝ «የምናገረው በላቲን1 ነው» ካለ ተመልሰሽ ያው ነሽ። ወርድፕረስ ላይ የማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ዲቢ_ቻርሴት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁን፤ ዲቢ_ኮሌት ባዶ ይቅር። የወረዳውን ቴብል የሠራው ልጅ በራሱ ፒኤችፒ የጻፈው ገጽ ካለ ከግንኙነቱ በኋላ «ሴት ኔምስ» መኖሩን አረጋግጪ።

9. ኮሌሽን የማይሠራልሽን ሥራ አትጠብቂበት። ይህ ነው እኔን ብዙ ዓመት ያንገበገበኝ። አንዱ «እንጅባራ» ይጽፋል፣ ሌላው «እንጂባራ»። አንዱ «ዳንግላ»፣ ሌላው «ዳንጊላ»። «ኃይለ»፣ «ሐይለ»፣ «ሀይለ»። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለ520ም፣ ለ0900ም፣ ለጀነራሉም የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሲአይ የሚለው የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል አንድ ያደርጋል፤ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን፣ አ እና ዐን ግን አንድ የሚያደርግ ኮሌሽን ማይኤስኪውኤል ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ አዛውንት መጥተው «ስሜ የለም» ቢሉሽ በዳታቤዙ ተማምነሽ የሉም አትበያቸው።

የሚሠራው ይህ ነው። ከስሙ ኮለም አጠገብ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ኮለም ጨምሪ። ስሙ ሲገባ ዌብሳይቱ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው እየለወጠ እዚያ ያስቀምጥ፤ ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ጋር አንድ ማድረግም አትርሺ። ሰው ሲፈልግም የጻፈው ቃል በዚሁ ወንፊት ይለፍና በሁለተኛው ኮለም ይፈለግ። የሚታየው ግን ሰውየው ራሱ የጻፈው ስም ነው። ስሙን በኃ የጻፈ ሰው በሀ ሆኖ አይመለስለትም። ለወረዳ ስሞች ደግሞ ሰው እንዲጽፍ አታድርጊ፤ ጓጉሳ ሽኩዳድን፣ ባንጃን፣ አንካሻን፣ ፋግታ ለኮማን ከዝርዝር ይምረጥ።

10. ከአሮጌዎቹ ፋይሎች የመጣ ስም ካለ ለብቻው አስቀምጪው። በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም በቀድሞው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ዝርዝር ስክሪን ላይ አማርኛ ቢመስልም ውስጡ የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ነው። ዌብሳይት ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። እሱን ኮሌሽን አይነካውም፣ የባይናሪውም መንገድ አይሠራለትም። ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው፤ ከዚያ በኋላም ስም በስም በዓይን ማየት።

11. ስትጨርሺ እንዲህ አድርጊ። ቅጂው ላይ የአባላቱን ዝርዝር በስም ተራ አውጪና አትሚው። ከሀ ጀምሮ በሀሁ ተራ መውረዱን እዪ። ከዚያ ከእናትሽ ጋር ተቀመጪና አንብቢላት፤ እሷ ሰዉን ሁሉ ስለምታውቅ የተዛባ ስም ካለ ከማሽኑ ቀድማ ትነግርሻለች። በጘ የሚጀምር ስም ካለ ከገ እና ከጐ በኋላ፣ ከጠ በፊት መግባት አለበት። ከሌለ አንድ አስገብተሽ ሞክሪና አጥፊው። ያንን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ እኔም ካየሁት በኋላ ዋናውን ትቀይሪያለሽ፣ ሰው በማይገባበት በሌሊት።